በልቼ ሳለ ስኳሬ ለምን ይወርዳል? ዓይነት አንድ ስኳር ላለብን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ በክትትል ቀን ወረፋ ስንጠብቅ እርስ በርስ የምንጠያየቀውን ነው የሰበሰብኩት፤ እኔም ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርኩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ስኳር ወረደ የሚባለው ስንት ሲሆን ነው?

መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ወርዷል። ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው፤ ሰው በደንብ ማሰብ ያቅተዋል። መለኪያችሁ እንደ 4 ነጥብ ምናምን ያሉ ትንንሽ ቁጥሮችን የሚያወጣ ከሆነ በሌላ ስሌት ነው የሚሠራው። በዚያኛው 70 ማለት 3.9 ነው።

ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ረሃቡ ድንገት ይመጣል። እኔን መጀመሪያ ከንፈሬን ነው የሚደነዝዘኝ። ከዚያ ያለ ምክንያት እቆጣለሁ። ቤተሰቦቼ ስለለመዱት ስቆጣ አይመልሱልኝም፤ "ለክተሻል?" ነው የሚሉኝ። መለኪያ በእጃችሁ ከሌለ ምልክቱን አምናችሁ ጣፋጭ ውሰዱ። ሳይወርድ ስኳር መጠጣት የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው። ወርዶ ዝም ማለት ግን ሕይወት ያሳጣል።

በልቻለሁ እኮ! እንዴት ይወርዳል?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ አላየሁም። ብዙዎች "በቂ አልበላሁም ማለት ነው" ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመጠን ሳይሆን የሰዓት ነው። ምግቡ የራሱ ሰዓት አለው፤ ኢንሱሊኑም የራሱ ሰዓት አለው። ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው የምንወድቀው።

አብዛኞቻችን የምንወጋው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሃ የሚመስለው የጠራው፣ ረጉላር የሚባለው ነው። ሌላው ነጩ፣ ኤንፒኤች የሚባለው ነው። የሁለቱ ቅልቅል ሆኖ በአንድ ጠርሙስ የሚመጣም አለ። የጠራው ከተወጋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሥራት ይጀምራል። ጉልበቱ የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ነው፤ ጨርሶ እስኪወጣ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ነጩ ቀስ ብሎ ይነሣና ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል።

አሁን ጠዋታችሁን አስቡት። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም ወጋችሁ፤ 1 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ በላችሁ። ዳቦ ቶሎ ይፈጫል፤ 3 ሰዓት ሲሆን ሥራውን ጨርሷል። የጠራው ግን ገና እስከ 4 ተኩል ድረስ በርትቶ ይሠራል። የእሱ ጉልበት ሳይበርድ የነጩ ይነሣል። 4 ሰዓት ላይ ቢሮም፣ ሱቅም፣ ክፍል ውስጥም ላብ የሚያጠምቀን ለዚህ ነው። በዚህ ኢንሱሊን ላይ ላለ ሰው ረፋድ ላይ ትንሽ መክሰስ፣ ምሳ ደግሞ በሰዓቱ የግድ ነው። ምሳው ከ6 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ከተገፋ ነጩ ባዶ ሆድ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ "ይወርድብኛል" ብቻ አትበሉ። "4 ሰዓት ላይ ይወርድብኛል" በሉ። ሰዓቱ ከታወቀ የትኛው ኢንሱሊን እንዳበዛ ይታወቃል።

ሲወርድብኝ ምን ልውሰድ? ምን ያህል?

አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ወይም ከ300 ሚሊ ሊትሩ የለስላሳ ጠርሙስ ግማሹን። ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ሁሉም ወደ 15 ግራም ስኳር ይሰጣሉ። ከዚያ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉና እንደገና ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት። ሲስተካከል ቀጣዩ ምግብ ሩቅ ከሆነ ትንሽ ዳቦ ወይም ትንሽ እንጀራ ጨምሩበት። ለትንንሽ ልጆች መጠኑ ያንሳል፤ የልጃችሁን ልክ ከሐኪሙ ተቀበሉ።

ከባዱ ነገር እነዚያ 15 ደቂቃዎች ናቸው። ሰውነት "ብላ! ብላ!" ይላል። መሶቡን ገልብጠን፣ ማሩን ጨርሰን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 350 ላይ እንገኛለን። አውቀዋለሁ፤ ደጋግሜ አድርጌዋለሁ። የረዳኝ ልኩን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። አራት ማንኪያ ስኳር በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ትራሴ አጠገብ፣ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንድ ቋጠሮ፣ አንድ ጊዜ።

የማይሠሩትንም እወቁ። ዜሮ ወይም ዳይት የሚል ለስላሳ ስኳር የለውም፤ አያድናችሁም። እንጀራ፣ ቆሎ፣ ቸኮሌት ይዘገያሉ። ቸኮሌት ጣፋጭ ቢሆንም ቅባቱ ይይዘዋል።

የስኳር ሕመምተኛ ስኳር ይጠጣል እንዴ?

ይጠጣል፤ ሲወርድበት። ያኔ ስኳር መድኃኒቱ ነው። አያቶቻችንና ጎረቤቶቻችን "ኧረ ይጎዳሻል!" ብለው ብርጭቆውን ከእጃችን የሚቀሙት ከፍቅር ነው። እናንተ ደህና በሆናችሁበት ቀን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። በወረደበት ሰዓት ማስረዳት አይቻልም።

ስንት ደቂቃ ቀድሜ ልወጋ? ሰርግና ለቅሶ ላይስ?

የጠራው ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ነው። ቤታችሁ ከሆናችሁና ምግቡ ምድጃ ላይ ከደረሰ ይህ ልክ ነው።

ችግሩ ሰው ቤት ነው። እኛ ወሎ ላይ እንግዳ ቶሎ አይሸኝም። ቡናው ይቀድማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ዱዓው አለ፣ ምርቃቱ አለ። ምሳ "አሁን ይቀርባል" ከተባለ ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። የእኔ ደንብ አንድ ነው፦ ከቤት ውጭ ሳህኑ ፊቴ ሳይቀመጥ አልወጋም። ስኳሬ ለትንሽ ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል። ሰው መሃል ከመውደቅ ግን ይሻለኛል።

ይህን ደንብ ያወጣሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። መንገዱ አጭር ነው፤ ስደርስ ማዕዱ ይጠብቀኛል ብዬ ደሴ ቤቴ ተወግቼ ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘጋ። ሚኒባሱ ቆመ። ስኳሬ ያለበት ሻንጣ ከላይ ታስሯል። ከንፈሬ ሲደነዝዝ አጠገቤ ለተቀመጡት እናት "ስኳር አለብኝ፣ ወርዶብኛል" አልኳቸው። ለልጃቸው የያዙትን ለስላሳ ከፍተው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳሬ ኪሴ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይሄድም። ሹፌሮች ደግሞ ተጨማሪ አላችሁ፤ መሪ ከመያዛችሁ በፊት ለኩ፣ ከ90 በታች ከሆነ ቅመሱና ጠብቁ።

በልቼ በእግሬ ስሄድ ይወርድብኛል። መራመድ ጥሩ ነው ተብዬ አልነበር?

ጥሩ ነው። ግን የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ያለ ብዙ ኢንሱሊን ይጠቀማል። ከቁርስ በኋላ የጠራው በበረታበት ሰዓት የደሴን ዳገት ከወጣችሁ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይጎትታችኋል። ጭን ላይ ተወግታችሁ ከሆነ ደግሞ እግሩ ሲሠራ ኢንሱሊኑም ቶሎ ይገባል። ብዙ በምትሄዱበት ቀን ሆድ ላይ ውጉ። ሰኞ ገበያ ዞራችሁ ዕቃ ተሸክማችሁ ልትመለሱ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ጨምሩ።

ሙቀትም ይቆጠራል። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ ዝቅ ያለች ስለሆነች ትሞቃለች፤ በሙቀት ደም ወደ ቆዳ ይበዛል፣ ኢንሱሊኑም ይፈጥናል። ተወግቶ ወዲያው በሙቅ ውሃ ገላ መታጠብም እንደዚያው ነው። የከባድ ሥራ ውጤት ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ቀን እንጨት የፈለጠ ወይም ኳስ የተጫወተ ሰው ሌሊት ሊወርድበት ይችላል።

ከበላሁ በ1 ሰዓት ስለካው 280 አለኝ። ኢንሱሊን ጨመርኩ፣ ከዚያ ወደቅሁ። ምን አጠፋሁ?

ቸኮላችሁ። በ1 ሰዓት ውስጥ ምግቡ ጫፍ ላይ ነው፤ የጠራው ግን ገና ጉልበቱን አላሳየም። የመጀመሪያው ሳይሠራ ሁለተኛውን ስትጨምሩ ሁለቱ ተደራርበው ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ ባንድ ላይ ይመጣሉ። ከምግብ በኋላ ለሚመጣ መውረድ አንዱ ትልቁ ምክንያት ይህ መደራረብ ነው። ሐኪማችሁ የተለየ ነገር ካላለ በቀር ከተወጋችሁ 4 ሰዓት ሳይሞላ የጠራውን አትድገሙ።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ በጥልቀት መተንፈስ ከመጣ ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ አይደለም። ሆስፒታል ሂዱ።

ሥጋ ስበላ መጀመሪያ ይወርዳል፣ በኋላ ይሰቀላል። ለምን?

ቅባት ሆድን ያዘገያል። ጥብሱ ወይም ዶሮ ወጡ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ኢንሱሊኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ ስኳር ይወርዳል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ምግቡ ሲለቀቅ ኢንሱሊኑ ሊያልቅ ደርሷል፤ ስኳር ይወጣል። ምስር፣ ተልባና አብሽም በሌላ መንገድ ያዘገያሉ። እንዲህ ባለ ምግብ ቀን 30 ደቂቃ ቀድሞ ከመወጋት ልክ መብላት ሲጀመር መወጋት ይሻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እንጀራውን ትታችሁ ሥጋውን ብቻ ከበላችሁ ደግሞ የተወጋችሁት መጠን ለእንጀራው የታሰበ እንደነበር አስታውሱ።

ጫት እቅማለሁ። ችግር አለው?

አለው። ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ብዙ ወጣቶች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ጫት ረሃብ ይዘጋል። ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው መክሰሱን ይረሳል፣ እራቱን ይገፋል፤ የጠዋቱ ነጩ ግን ሥራውን አልረሳም።

ከዚህ የባሰው ምልክቱን መሸፈኑ ነው። ጫት ራሱ ልብ ያስመታል፣ ላብ ያመጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ስኳር ሲወርድ የሚመጣውም ያው ነው። "ምርቃና ነው" ብላችሁ ስታልፉት ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ማታ ጨብሲ ከተጨመረበት ደግሞ መጠጡ ጉበትን ይይዛል። ስኳር ሲወርድ ከመጠባበቂያው የሚለቅልን ጉበት ነው፤ እሱ ከተያዘ ሌሊቱን የሚያድነን የለም። መተው ከሁሉ ይሻላል። መተው ላቃተው ደግሞ፦ ሳይበላ አይቀመጥ፣ በየመሃሉ ይለካ፣ አብረውት ያሉት ስኳር እንዳለበት ይወቁ።

መጾም እችላለሁ?

ዓይነት አንድ ስኳር ላለበት ሰው ረጅም ጾም በጣም አደገኛ ነው። ረመዳንም ሆነ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው የክርስቲያን ጾም። እስልምና የታመመውን አይገድድም፤ ክርስቲያኑም ከነፍስ አባቱ ጋር መነጋገር ይችላል። ጠዋት እንደወትሮው ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ግን በፍጹም አይሞከርም። ኢንሱሊኑን ጨርሶ መተውም እንደዚሁ፤ ያኛው ስኳርን ሰቅሎ ይገድላል።

እጾማለሁ ብሎ የቆረጠ ከወር በፊት ከሐኪሙ ጋር መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክል። ከ70 በታች ከወረደ ለአዛን 10 ደቂቃ ቢቀርም ያፍጥር። መለካት ጾም አያስፈታም ብለው ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ፤ ስለዚህ ለኩ። ከፍጡር በኋላም ተጠንቀቁ። አዛን ሲል ተወግቶ፣ በቴምርና በውሃ አፍጥሮ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ከሰው ጋር ተጫውቶ ዋናውን ምግብ አንድ ሰዓት ቆይቶ የሚበላ አለ። ኢንሱሊኑ ያን ያህል አይጠብቅም። ተራዊህም እንቅስቃሴ ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ይኑር።

ስትሪፕ ውድ ነው። በቀን አንድ ብቻ ካለኝ መቼ ልለካ?

ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ አትለኩ። የጠዋቱ ቁጥር ከምግብ በኋላ ስለሚሆነው ምንም አይነግራችሁም። ሰዓቱን አዙሩት፦ ዛሬ ከቁርስ 3 ሰዓት በኋላ፣ ነገ ከምሳ በፊት፣ ከነገ ወዲያ ከምሳ 3 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ከመኝታ በፊት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀናችሁ መልክ ይወጣል። ከቁጥሩ ጎን የበላችሁትንና የተወጋችሁበትን ሰዓት ጻፉ። የልጆች ደብተር ይበቃል። ያ ደብተር ከእኔ ጋር ወደ ቀጠሮ ሲሄድ ሐኪሙ የሚሰጠኝ ጊዜ ራሱ ይጨምራል።

ደህና እራት በልቼ ተኝቼ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል።

ነጩን ማታ 1 ሰዓት ላይ ከእራት ጋር ከወጋችሁ የሚበረታው ከምሽቱ 5 እስከ ንጋት 11 ባለው ነው። ልብሱ በላብ መራስ፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታት ምልክቶቹ ናቸው። አንድ ስትሪፕ ለሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት አስቀምጡ። ወርዶ ካገኛችሁት የማታውን ነጭ ወደ መኝታ ሰዓት ማዘግየት ወይም መቀነስ ይቻላል፤ ይህን ከሐኪም ጋር ነው። እስከዚያ ስትተኙ ከ100 በታች ከሆነ ሳትቀምሱ አትተኙ።

አንዱ 45 ሆኖ ምንም አይሰማውም፤ ሌላው 110 ሆኖ ይንቀጠቀጣል። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም እውነት ነው የሚናገሩት። ስኳሩ ለወራት ከፍ ብሎ የቆየ ሰው ሰውነቱ ያንን ለምዷል፤ ወደ ጤነኛው ልክ ሲመለስ "ወረድኩ" ይላል። አብሽሩ፣ በሳምንታት ውስጥ ይለመዳል። ከ70 በላይ ከሆነ ብዙ ስኳር አትጠጡበት።

ምልክት የጠፋበት ግን ያሳስበኛል። ቶሎ ቶሎ የሚወርድበት ሰው ሰውነቱ ማስጠንቀቁን ይተዋል። ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችም ምልክቱን ይደብቃሉ። መልካሙ ነገር ይመለሳል። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ጨርሶ እንዳይወርድ ከተጠነቀቁ ብዙዎች ላይ ምልክቱ እንደገና ይመጣል። ለእነዚህ ሰዎች ሐኪሙ ግቡን ከፍ ቢያደርግላቸው ስንፍና አይደለም፤ ሕክምናው ነው።

ራሱን ከሳተ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ምንም ፈሳሽ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። በጎኑ አስተኙት። ኢንሱሊን አትውጉት። የማይንፈራገጥ ከሆነ በጣት ጫፍ ትንሽ ማር ጉንጩና ድዱ መሃል መቀባት ይቻላል። የሚንፈራገጥ ከሆነ ጣት አታስገቡ። ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና፣ ያገኛችሁትን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጡ፤ በሩ ላይ ስትደርሱ "ኢንሱሊን ይወጋል፣ ስኳሩ ወርዷል" በሉ። ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጠው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። የሚጥል በሽታ ነው፣ ሰክሯል፣ መንፈስ ነው እየተባለ ውድ ሰዓት እንዳይባክን የሚያደርገው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጸበሉም ዱዓውም ከነቃ በኋላ ይደርሳል።

ሁሉንም በሰዓቱ አደርጋለሁ፤ ግን አሁንም ከምግብ በኋላ ይወርድብኛል። ምን ቀረኝ?

መጀመሪያ የምትወጉበትን ቦታ ዳስሱ። አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ከወጋችሁ ቆዳው ሥር ያብጣል። እዚያ የገባ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን ድንገት ይለቀቃል። ከእብጠቱ ወደ ጤነኛ ቦታ ስትቀይሩ ደግሞ መጠኑ ሊበዛባችሁ ስለሚችል ሐኪሙን አማክሩ። ቀጥሎ ነጩን እንዴት እንደምታዋህዱት እዩ። ጠርሙሱ በመዳፍ መሃል ቀስ ተብሎ ካልተንከባለለ ከላይና ከታች ያለው እኩል አይሆንም፤ የዛሬው 10 ዩኒት ከነገው 10 ዩኒት ጋር አይገጥምም።

ሕመሙ በቅርቡ የተገኘባችሁ ከሆነ ሕክምና ከጀመራችሁ በኋላ ቆሽታችሁ ለጥቂት ወራት ትንሽ ኢንሱሊን ሊያመነጭ ይችላል። ያኔ መጠኑ ይቀነሳል እንጂ አይቆምም። "ዳንኩ" ብላችሁ እንዳትተዉት። የምታጠቡ እናቶችም የኢንሱሊን ፍላጎታቸው ይቀንሳል፤ ከማጥባት በፊት ቅመሱ።

ለብዙ ዓመታት ከስኳር ጋር የኖረ ሰው ትንሽ በልቶ ቶሎ የሚጠግብ፣ ሆዱ የሚነፋ፣ የትናንት ምግብ የሚያስመልሰው ከሆነ የሆድ ነርቭ ተጎድቶ ምግቡ እየዘገየ ሊሆን ይችላል። ኩላሊት ሲደክምም ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ክብደት እየቀነሰ፣ ድካም እየበዛ፣ የኢንሱሊኑ ፍላጎት ያለ ምክንያት እየወረደ ከሄደ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ መታየት አለበት፤ ስንዴ የማይስማማው አንጀትም እንዲሁ። እነዚህ በመክሰስ አይፈቱም። በቀጣዩ ቀጠሮ ደብተራችሁን ይዛችሁ "ኩላሊቴ ይታይልኝ፣ ሆዴም ይታይልኝ" በሉ።